ሠላሳ ሁለት ቁጥር ዋንዛ

ጀብሪል እንድሪስ ዛፍ ቆጣሪ ነው ሲባል ሰው ይስቅ ነበር። «ዛፍ ደግሞ ምኑ ይቆጠራል፣ ተነስቶ አይሄድ» ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች። ጀብሪል የነገር ድሃ አይደለምና «እናንተስ በየጊዜው ትቆጠሩ የለም እንዴ፣ የት ልትሄዱ ነው?» ብሎ ያልፋቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልድያ ላይ ከአፋፉ እስከ ወንዙ የሚወርድ የከተማ እጽዋት መናፈሻ ነበረ። ዋንዛው፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ ብሳናው፣ ስሙን ማንም የማያውቀው የፈረንጅ ዛፍ ሳይቀር ተደበላልቆ የበቀለበት፣ ሙሽራ ፎቶ የሚነሳበት፣ ተማሪ ለፈተና የሚያጠናበት ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ዛፉ ሁሉ ይለካ፣ ቁጥር ይመታለት፣ ካርታ ላይ ይስፈር ተባለና ሥራው ለጀብሪልና ለወይንሸት ተሰጠ።

ወይንሸት ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣች፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ምላሷ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት ናት። የስኳር በሽታ አለባት፤ መርፌዋን በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትዞረው። ቤቷ ከመናፈሻው አጥር ጋር የተለጠፈ ስለሆነ ዛፎቹን እንደ ጎረቤት ታውቃቸዋለች። እሷ ትለካለች፣ እሱ ይጽፋል። ግንዱን በደረቷ ልክ በሜትር ትጠመጥምና «ዋንዛ፣ ዙሪያው ዘጠና አራት» ብላ ትጣራለች። ጀብሪል ከመጻፉ በፊት «ዋንዛ፣ ዘጠና አራት» ብሎ ጮክ ብሎ ይደግማል። «ልክ» ስትለው ይጽፋል። ከዚያ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠችውን ቁጥር በምስማር መትተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ያልተደገመ አይጻፍም፤ ይህ የጀብሪል ሕግ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መሬት ሲለካ፣ ችግኝ ሲቆጥር ኖሮ አንድ ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል።

«ጆሮህ ነው እንዴ የደከመው?» ትለዋለች ወይንሸት መድገሙ ሲሰለቻት።

«ጆሮዬስ ደህና ነው። የማላምነው አፍሽን ነው።»

«አፌን ያላመነ ጠላቴ ነው» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ስቀው ይቀጥላሉ።

ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ዛፍ ላይ ሲደርሱ ሐምሌ አለቀ፣ በቆቦ በኩል መድፍ ይሰማ ጀመር። አለቆቹ የዛፉን ቦታ የሚይዙበትን ጂፒኤስ ለጥንቃቄ ብለው ወደ ደሴ ላኩት። መዝገቡና በወረቀት የተሣለው ካርታ ግን ጀብሪል እጅ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጀብሪልም አልለቀቀም። ነሐሴ ሲገባ በቆቦ በኩል የመጡ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። እሱ ከዛፍና ከወረቀት ጋር ወልድያ ውስጥ ታጥሮ ቀረ።

መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቆመ፣ ስልክ ሞተ፣ ባንክ ተዘጋ። የከተማው ሰው መጥረቢያ ይዞ ወደ መናፈሻው ገባ። ጀብሪል መጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሞ ሊከለክል ሞከረ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት «ዛፍህን ልብላው አላልሁህ፣ ልጄን ቂጣ ላብስልበት እንጂ» ስትለው አፈረና ከበሩ ዘወር አለ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መዝገቡን እያነሣ፣ ከተገነደሰው ዛፍ ቁጥር ጎን «ተቆረጠ» ብሎ መጻፍ ብቻ ሆነ። አንድ ገጽ ሙሉ ተቆረጠ፣ ተቆረጠ፣ ተቆረጠ ይላል።

ቀጥሎ ሬሳ መጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ወደ ሙስሊሙ መቃብርም የሚወስደው መንገድ ተኩስ የሚበዛበት ነበር። ሞቶበት የጨነቀው ሰው ጎህ ሲቀድ ሬሳውን በቃሬዛ ይዞ ወደ መናፈሻው ይገባል። ድንጋይ አይተከልም፣ መስቀል አይቆምም፤ ምልክት ያለው መቃብር ጥያቄ ያመጣል። ታዲያ የማን ልጅ የት እንዳለ ነገ በምን ይታወቅ? ጀብሪል መዝገቡን አወጣ። የሟቹን ስም፣ የዛፉን ቁጥር፣ ከግንዱ ስንት እርምጃ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ ብሎ ጻፈ። «እስከ ዛሬ የቆጠርሁት ለዚህ ኖሯል» አላት ወይንሸትን። ስድስት ሰው እንዲያ አድርጎ ጻፈ፤ ስድስቱንም ራሱ ቆሞ ሲቀበሩ አይቶ፣ ጮክ ባይልም ደግሞ ደግሞ ጠይቆ ነው።

ሰባተኛው ይመር ነው። ይመር ሸጋው የመርሳ ልጅ፣ ወልድያ ላይ ባጃጅ ይነዳ የነበረ፣ ወይንሸትን ስንት ጊዜ ገበያ ያደረሳት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ጥቅምት ላይ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ተመትቶ ወደቀ። በዚያ ሰሞን ታጣቂዎቹ ወንድ ወንዱን ለሸክም እየለቀሙ ስለነበር ጀብሪል ዶማና አካፋ በሚቀመጥበት በመናፈሻው የመሣሪያ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ይመርን የቀበሩት ወይንሸትና ከቆቦ የተፈናቀሉ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ወደ ደሴ እንሄዳለን ብለው በእግር ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

ወይንሸት በመሣሪያ ቤቱ መስኮት ሥር መጥታ ተቀመጠች። መርፌዋ ካለቀ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል፣ ያ ከአፋፍ እስከ ወንዝ ይሰማ የነበረ ድምፅዋ ጠፍቷል።

«የመርሳው ይመር ነው» አለች በሹክሹክታ። «ባጃጁ ልጅ። ጻፍ። ዋንዛዋ...» ቁጥሩን ነገረችው። «አራት እርምጃ ወደ ወንዙ።»

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ የቡትስ ኮቴ መጣ። ሰዎቹ አልፈው እስኪርቁ ድረስ ጀብሪል እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ጻፈ። «ልድገም» ሊል አስቦ ነበር። ግን አንገቷ ደረቷ ላይ ወድቆ ሲያያት፣ እንደገና ላናግራት ብሎ ማድከም ጭካኔ መሰለው። «ልክ» የሚል ሳይሰማ መዝገቡን ዘጋ።

ወይንሸት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። ጥይት አላገኛትም፤ አንዲት ብልቃጥ መድኃኒት ናት ያጣችው። ጎረቤቶቿ እንደምንም ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። ጀብሪል ከመሣሪያ ቤቱ ወጥቶ ሊሸኛት አልቻለም፤ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ወደ መርሳ በጓሮ መንገድ የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ግን የይመርን መርዶ ላከ። አባትና እናቱም ኅዳር ላይ በሽማግሌ ተረዱ፣ ለቅሶ ተቀመጡ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ነጻ ወጣች። የሟች ቤተሰቦች አንድ በአንድ መጡ፤ ጀብሪልም መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ እየመራ አሳያቸው። አንዳንዱ ዛፍ ጉቶ ብቻ ቀርቷል፣ ቁጥሩ የተነቀለም አለ። ቢሆንም ካርታውን ዘርግቶ፣ እርምጃውን ቆጥሮ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ያለው ስድስቱም ላይ ልክ ሆነ። ሙስሊሞቹ ልጆቻቸውን ለይተው፣ አፈሩን መልሰው ዱዓ አድርገው ተመለሱ፤ ክርስቲያኖቹ አውጥተው ወደየደብራቸው ወሰዱ። «የጀብሪል ወረቀት አይዋሽም» ተባለ በከተማው። ደስ አለው። ምን ይደበቃል፣ በሬሳ መሃል ቆሞም ቢሆን ደስ አለው።

ጥር አጋማሽ ላይ የይመር እናት መጡ። እመት አሰለፈች ይባላሉ፤ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ወንድማቸውን ስዩምንና አንድ ቄስ አስከትለው፣ የሣጥኑን ሳንቃ በሚኒባስ ጭነው ነው የደረሱት። የእሳቸው ጥያቄ አንድ ነበር። ልጄን ከእናቴ መቃብር አጠገብ ላኑረው፣ ፍትሐት ይድረሰው፤ ሌላ ከማንም አልፈልግም አሉ።

«በምን ያውቁታል?» አለ ጀብሪል ቀስ ብሎ። ለዚህ ጥያቄ ቀላል አነጋገር የለም።

«በቀበቶው። አባቱ የበሬ ቆዳ ጠፍሮ በእጁ የሠራለት ነው። ከገበያ አይገኝም።»

መዝገቡን ገለጠ። «ይመር ሸጋው፣ መርሳ። 32፣ ዋንዛ። 4 እርምጃ ወደ ወንዝ» ይላል በራሱ እጅ ጽሑፍ። ሠላሳ ሁለት ቁጥር ዋንዛ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮዋም ሳትነቀል፣ ቅርንጫፏም ሳይነካ ቆማለች። አራት እርምጃ ቆጠረ። ስዩም ቆፈረ። አንድ ክንድ ወረደ፣ ሁለት ክንድ ወረደ፤ ሥርና ጠጠር ነው። አፈሩ ድንግል ነው፣ ሰው ነክቶት አያውቅም። በስተቀኝ ቆፈሩ፣ በስተግራ ቆፈሩ፣ ዛፏን ዞሩ። ምንም የለም።

ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ስዩም አካፋውን ተደግፎ ላቡን ጠረገና «ጋሽ ጀብሪል፣ ሌሎቹ ስንቱ ናቸው የተገኙት?» አለ።

«ስድስቱም።»

«ወረቀቱ ስድስት ጊዜ ልክ ከሆነ ሰባተኛው ላይ ምን ያሳስተዋል? እዚህ ሰው አልተቀበረም። ቀበረችው የተባለችው ሴትዮ ሌላ ሰው ሲወድቅ አይታ ይመር ነው ብላ ይሆናል እንጂ። የባጃጅ ሾፌር ሁሉ የሚለብሰው አንድ ዓይነት ጃኬት ነው።»

ጀብሪል አፉን ከፈተ። ሌላ ቦታ እንፈልግ ሊል ነበር፣ ወረቀቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል ሊል ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ሃያ ዓመት የኖረበት ስሙ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። «ወይንሸት... ታማ ነበር» አለ። «ተሳስታም ይሆናል።» አፈር የገባችውን፣ ራሷን መከላከል የማትችለውን ሴት አሳልፎ ሰጣት። ይህንን ያወቀው ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ነው፤ ግን ወጣ።

እመት አሰለፈች ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩ። አፈሩን በእጃቸው ዘግነው አሸተቱ። ከዚያ የሁለት ወር ለቅሶ ባሰለለው ጉሮሯቸው እልል አሉ። መናፈሻው ውስጥ እንጨት ሲለቅሙ የነበሩ ሴቶች ሠርግ የመጣ መስሏቸው ቀና አሉ። «ልጄ አልሞተም» አሉ እናትየው፤ ሣጥኑንም እዚያው ጥለውት ሄዱ። ጀብሪል ሳንቃውን አንድ በአንድ ለቅሞ መሣሪያ ቤት አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ከመርሳ ወሬው በየሚኒባሱ ይመጣ ጀመር። እመት አሰለፈች ጥቁራቸውን አወለቁ። አንድ የጭነት ሾፌር ይመርን ታጣቂዎቹ ወስደው ካሠሯቸው መሃል በዓይኔ አይቻለሁ አለ፤ ሌላው ደግሞ በአፋር በኩል ተለቅቀው እየመጡ ነው አለ። አባቱ አያ ሸጋው መርዶውን ከሰሙ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ከውሃና ከጥሬ ሌላ ሳይቀምሱ ተኝተው ነበር አሉ። ጉድጓዱ ባዶ ሆነ ሲባል ተነሥተው እህል በሉ፣ ልጄ ሲመጣ ማሳው ጦሙን አድሮ አያየውም ብለው ለበልግ በሬ ጠመዱ። ጀብሪል ይህን ሲሰማ ግማሽ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ግማሹ ግን ላም አለኝ በሰማይ ይለዋል። ዱዓ ሲያደርግ «ያ አላህ፣ ወረቀቴን ሐሰት አድርገው» ሊል ይጀምርና ምን ማለቱ እንደሆነ ግራ ገብቶት ይተወዋል።

የካቲት ላይ ቆጠራው ይቀጥል ተባለ። ስንት ዛፍ ቀረ፣ ስንቱ ተቆረጠ ተብሎ እንደገና ሊጻፍ ነው። አዲስ የመጣችው ፈይሩዝ ወጣት ናት፣ ጽሑፏ ያማረ ነው። ስለዚህ እሷ ጻፊ ሆነች፣ ጀብሪልም የወይንሸትን ሜትር ይዞ ጠሪ ሆነ። ሕጉን ነገራት፤ ደግመሽ ጮክ ብለሽ ካላልሽ አትጽፊም አላት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ለጋ ዋንዛ ጠምጥሞ «ዋንዛ፣ ዙሪያው ስልሳ አራት» አለ።

«ዋንዛ፣ ሠላሳ አራት» አለች ፈይሩዝ።

«ስልሳ ነው ያልሁሽ። ይኼ ግንድ ሠላሳ ይመስላል እንዴ?»

«ከዚህ ሆኜ ግንዱን የት አየዋለሁ፣ ጋሽ ጀብሪል። በእርስዎ አፍ ስልሳና ሠላሳ አንድ ነው። ቀስ ብለው ሲናገሩማ ጭራሽ አይለይም። እንደ ሽማግሌዎቹ ስድሳ ብለው ቢጠሩልኝስ?»

ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። ፈይሩዝ የተቆጣ መሰላትና «ይቅርታ» አለች። እሱ ግን አልሰማትም። ዋንዛዋ... ብላ ነበር ወይንሸት፤ ከዚያ ያ የደረቀ ከንፈር፣ ከዚያ ቡትሱ። መዝገቡን ከፈይሩዝ እጅ ተቀብሎ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። «62፣ ዋንዛ፣ ተቆረጠ» ይላል።

ስልሳ ሁለት ቁጥር ከታች አጥሩ ሥር ናት። ጉቶዋ ላይ ሰው ጭራሮ ከምሮበት ሄዷል። ጀብሪል ጭራሮውን አነሣ፤ እሾህ እጁን ቧጨረው። አራት እርምጃ ወደ ወንዙ ቆጠረ። መሬቱ የሰው ቁመት ያህል ርዝመት ይዞ ሰርጎድ ብሏል። አላዋቂም ቢያየው የሚያውቀው ነው፤ ጭራሮው ባይሸፍነው ኖሮ አላፊ አግዳሚውም ያውቀው ነበር።

ፈይሩዝን ወደ ቢሮ ላካት። ቢስሚላህ ብሎ በዶማ ጀመረ፣ ጥቂት ሲወርድ ዶማውን ጥሎ በእጁ አደረገው። ብርድ ልብስ መጣ። የብርድ ልብሱን እጥፋት ከወገብ በኩል ብቻ ገለጠ፤ ከዚያ በላይ ሊያይ አልደፈረም። ቀበቶው አለ። በበሬ ቆዳ የተጠፈረ፣ ከገበያ የማይገኝ ቀበቶ ነው። ጀብሪል ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለይመር ብቻ አልነበረም የሚያለቅሰው። «ወይንሸት፣ ልክ ነበርሽ» አለ። ከዚያ አፈሩን መለሰ።

መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ያውም ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ። ጀብሪል ይህን ያውቃል። ግን አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚያረዱት የሚያውቅ ሽማግሌ ወልድያ ውስጥ አላገኘም። ከቆየሁ ደግሞ እፈራለሁ ብሎ በማግስቱ ከረፋዱ በፊት ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲሪንቃ ድረስ በመንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና ይቆጥር ነበር፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወው።

የእነ አያ ሸጋው ቤት ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። እመት አሰለፈች ደጅ ላይ ሰፌድ ዘርግተው ዘር ይለቅማሉ። አበባ ያለው ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ማጎጥጎጥ ጀምሯል። ሲያዩት ሰፌዱን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«እንኳን መጡልኝ፣ አያ ጀብሪል። ሰምተው ነው የመጡት? ቀይ መስቀል ስም ዝርዝር ሊያመጣ ነው አሉ። ይግቡ፣ ይግቡ፣ እህል ይቅመሱ።»

«አልገባም፣ እመት አሰለፈች። ቁጥሩን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ቁጥር?»

«ወይንሸት ስልሳ ሁለት ነበር ያለችኝ። እኔ ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍሁ። ሳልደግምላት ጻፍሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«እሺ» አሉ እናትየው። ገና አልገባቸውም፣ ወይም እንዲገባቸው አልፈለጉም።

«ትናንት ስልሳ ሁለት ላይ ቆፈርሁ።»

ዶሮዎቹ ሰፌዱን ወረሩት። ማንም አላባረራቸውም።

«ቀበቶው አለ?» አሉ እናትየው።

«አለ።»

ይጮሃሉ ብሎ ተሰናድቶ ነበር። አልጮሁም። መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «እነዚያ አንድ ጊዜ ገደሉት» አሉ። «እሱን ለምጄው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ፣ እንደምንም፣ ከሞተ ልጄ ጋር መኖር ለምጄ ነበር። እርስዎ ነዎት ከሞት አስነሥተው ደግመው የገደሉብኝ። አንድ ወር ሙሉ ደስ ሲለኝ፣ ልብስ ስገዛለት፣ ዝም አሉኝ።»

«አላወቅሁም ነበር፣ ወላሂ።»

«ያን ቀን ጉድጓዱ አጠገብ ፊትዎን አይቼዋለሁ። የሚሉት ነበረዎት።»

ጀብሪል አንገቱን ደፋ። እውነት ነበር።

«ሽማግሌ ልጥራ፣ ለአያ ሸጋው...» ብሎ ጀመረ።

«ኅዳር ላይ በሽማግሌ ተረዳን። እህል በልተው፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ሄዱ። ይኼኛውን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይነግሩታል።» ተነሡ። «እኔ እዚህ ከጮህሁ ማሳው ድረስ ይሰማል። በጩኸት አይስማው። ይሂዱ፣ እከተልዎታለሁ።»

ማሳው ከቤቱ በታች ነው። ጀብሪል በመስኩ መሃል እየሄደ የሚናገረውን ሰካካ። አላህ ወሰደው ልበል ይሆን፣ ታገሡ ልበል ይሆን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ከሚለው ልጀምር ይሆን እያለ ቃሉን ከላይ ወደ ታች ገለባበጠው። አያ ሸጋው ሁለት በሬ ጠምደው እርሻውን አጋምሰዋል። ሰውነታቸው አጥንት ብቻ ነው፤ ጅራፉን ግን እንደ ጎረምሳ ያጮሁታል። ሰው ሲመጣ አዩና እርፉን እንደያዙ ቆሙ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው ተመለከቱ፣ ለዩት።

«አያ ጀብሪል» ብለው ከሩቅ ተጣሩ። «አገኛችሁት?»

ያ ሁሉ የሰካካው ቃል በነነ። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ መልሱም እውነት ነው።

«አዎ» አለ ጀብሪል። «አገኘነው።»

አያ ሸጋው ጅራፉን ጥለው በጉልበታቸው ትልሙ ላይ ወደቁ። ግንባራቸውን አፈሩ ላይ አድርገው ተመስገን፣ ተመስገን አሉ፣ ብዙ ጊዜ አሉት። ጀብሪል አያ ሸጋው እያለ ተጠጋ። ሽማግሌው ፊታቸው አፈር ለብሶ ቀና አሉ፤ እየሳቁ ነው፣ እንባቸውም ይወርዳል።

«እንዴት ነው?» አሉ። «ከስቷል? በጣም ከስቷል?»

ሽማግሌው በጀብሪል ትከሻ አሻግረው አዩ። እመት አሰለፈች ድንበሩ ላይ ደርሰው ቆመዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው ለብሰዋል። አያ ሸጋው ሚስታቸውን አዩ፣ ጀብሪልን አዩ፣ እንደገና ሚስታቸውን አዩ። ሳቁ ከፊታቸው ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት።

ሽማግሌው በበሬው ጀርባ ተደግፈው ተነሡና ቀንበሩን ሊፈቱ ያዙ። ጣቶቻቸው ማነቆውን መፍታት አቃታቸው፤ ሁለቴ ሞከሩ፣ ሦስቴ ሞከሩ። ጀብሪል ቀርቦ ፈታላቸው።